ቀዩ ክርና የአሳማው ቆርቆሮ

ቀዩ ክር ከጠመንጃው አፍ በላይ ቀርቶ ሳየው ነው ነገሩ የገባኝ። አራት ጣት ያህል ከፍ ብሏል። ልጄ ጽጌ የጥይት መጠቅጠቂያውን ዘንግ በሁለት እጇ ይዛ ቁልቁል ትገፋለች፤ ዘንጉ አልወርድ ብሏታል። ግራና ቀኟ ይተኮሳል፣ ጭሱ ይጋርዳታል፣ ሰው ይጮኻል። እኔ ከገመዱ ወዲህ ቆሜአለሁ፤ በመሀላችን ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ክሩ የጠመንጃውን አፍ ካልነካ የእርሳሱ ጥይት ቦታው አልደረሰም ማለት ነው። እርሳሱ ቦታው ሳይደርስ ከተተኮሰ ደግሞ ብረቱ ፊቷ ላይ ይፈነዳል። ይህን ያስተማረችኝ ራሷ ናት። ክሩን የሰጠኋት እኔ ነኝ። እርሳሱ ለምን አልወርድ እንዳለም በዚያ ሁሉ ሰው መሀል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ይህን ያነሳብኝ ሽታ ነው። በቀደም ኮንኮርድ ከተማ፣ ጽጌ ግቢ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠን ሳለ የጎረቤት ልጆች ርችት ተኮሱ። ሽታው በአጥር ላይ ተሻግሮ መጣ፤ የተቀቀለ እንቁላል ሲላጥ የሚሸተው ዓይነት ነው። ጥቁር ባሩድም እንደዚያ ነው የሚሸተው። የልጅ ልጆቼ "እማማ፣ ሉክ! ሉክ!" እያሉ ይዘላሉ። እኔ የወንበሩን እጀታ ጨብጬ ቀረሁ። ጽጌ ዞር ብላ አየችኝና ሻሌን ትከሻዬ ላይ አስተካከለች። "በረደሽ እማ?" አለችኝ። የአሜሪካ ሐምሌ እኮ በጋ ነው፤ ማን ይበርደዋል? አልበረደኝም አልኳት። ለምን እንደጠየቀችኝ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

ያን ጊዜ የምሠራው ዳውንታውን ኦክላንድ ውስጥ ባለ የልብስ ማጠቢያና ማስተካከያ ቤት ነበር። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የሴቶቹን ኮት ትከሻ እሞላለሁ። ዘመኑ የትከሻ ትራስ ዘመን ነበር፤ ቢሮ የምትሠራ ሴት ሁሉ ትከሻዋ እንደ በር መቃን ሰፍቶ ነበር የሚታየው። አውቶቡስ ስልሳ ሳንቲም ነው፤ ሾፌሩ ትራንስፈር ብሎ ብጣሽ ወረቀት ቀድዶ ይሰጥሻል፣ በሷ ሌላ አውቶቡስ ትይዣለሽ። እኔ ያቺን ወረቀት እንደ ፓስፖርት ነበር የምይዛት፤ በጥርሴ። ብሮድዌይ ጥግ ላይ ጨርቅ በጥቅል የሚሸጥበት ሰፊ ሱቅ ነበር፤ የትራስ ጨርቅ፣ ሰማያዊ መስመር ያለው፣ ያርዱ ዘጠና ዘጠኝ ሳንቲም። ባለቤቲቱ መቀሱን ከፍታ ሳትዘጋ ጨርቁን ከዳር እስከ ዳር ስትቀደው ድምፁ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ እዚያ ጥግ ላይ መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ ቆሟል። ባለፈው ዓመት ጽጌ ወስዳኝ "እዚህ ነበር እኮ" ብላት፣ ፓርኪንግ ስትፈልግ አልሰማችኝም።

ሚስተር ሃንክ የሚባል ሽማግሌ ነው ጠመንጃን ወደ ቤቴ ያመጣው። የኦክላንድ ወደብ ላይ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ጢሙ እዚህ የሚደርስ ሰው ነበር። አንድ ቀን እጀ ሰፊ፣ ቁልፍ የሌለው፣ የጥንት ሰው የሚለብሰው ዓይነት ሸሚዝ ይዞ መጣ። ብብቱ ተቀድዷል። ጽጌ ያኔ አሥራ ስምንት ሊሞላት ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እየመጣች ታስተረጉምልኝ ነበር። ጂንስ ጃኬት፣ እስከ ክንዷ የሚደርስ የፕላስቲክ አምባር፣ ፀጉሯ ተነፋፍቶ። "ለሃሎዊን ነው?" አለችው። ሃሎዊን ሰው መልኩን ለውጦ የሚለብስበት የፈረንጅ በዓል ነው። ሰውየው ሆዱን ይዞ ሳቀ። የለም፣ ለተኩስ ነው አላት። በአፋቸው የሚጎርሱ የድሮ ጠመንጃዎችን የሚተኩሱ ሰዎች ማኅበር አለን፤ ልብሱም እንደ ጠመንጃው የድሮ መሆን አለበት፤ በዓመት አንዴ ከጎረቤታችን ክፍለ ግዛት ከኔቫዳ ቡድን ጋር እንወዳደራለን፤ አራት ዓመት በተከታታይ አሸነፉን አላት። ስትተረጉምልኝ ዓይኗ ሲበራ አየሁት። ያን ጊዜ ነው መቆጣት የነበረብኝ።

አባቷን የወሰደብን ጠመንጃ ነው። የማን እንደነበር፣ ምን ወር እንደነበር ዛሬ ብናገር ለማን ይረባል። ከዚያ ወዲህ ግን ብረት ሲንኳኳ መስኮት እዘጋለሁ። ልጄ በገዛ ፈቃዷ ጠመንጃ ልትጨብጥ ነው ሲሉኝ ምን ልበል?

"እማ፣ ይሄ ስፖርት ነው" አለችኝ።

"ስፖርት ሩጫ ነው። መዋኘትም አለ።"

"ወረቀት ነው የምንተኩሰው። ወረቀት ብቻ።"

"ወረቀቱ ምን አደረገሽ?"

ተፈራ፣ ታክሲ የሚነዳው ጎረቤታችን፣ ሳቁን አልቻለውም። ተፈራ በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥቶ የቀረ ልጅ ነው፤ ብዙ ያነበበ፣ ነገር ግን ዲግሪውን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ቢጫ ታክሲ የሚነዳ። "እትዬ አስካለ፣ ምን ያስፈራዎታል?" አለኝ። "ይሄ ጠመንጃ እኮ አንዴ ተኩሶ ሁለተኛ እስኪጎርስ ድረስ ጠላት በእግሩ ኮንኮርድ ይገባል።"

"አንተ ዝም በል። ልጅ የለህም" አልኩት። እንግሊዝኛ የሌላት፣ ትምህርቷ ከፊደልና ከዳዊት ያላለፈ እናት፣ እንግሊዝኛውን ሁሉ የምታውቅላትን ልጅ በምን ታግዳታለች? የመብራት ቢል የምታነብልኝ እሷ፣ ዶክተር ጋ የምታናግርልኝ እሷ። እሺ አልኩ። የጥንቱን ዓይነት ሸሚዝም ሰፋሁላት።

እውነት ለመናገር ጎበዝ ነበረች። ሳን ሆዜ አጠገብ ኮረብታ ላይ ነበር የሚለማመዱት፤ በወሩ ሚስተር ሃንክን በለጠችው፣ ዓመት ሳይሞላት ለካሊፎርኒያ ከሚተኩሱት ስድስት ሰዎች አንዷ ሆነች። ሲጂ ይሏታል፤ ጽጌ ማለት አፋቸው አልችል ብሎ። አንድ ቀን ባዶውን ጠመንጃ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ አስረዳችኝ። መጀመሪያ ባሩድ በአፉ ይፈሳል። ከዚያ የእጅ ሰዓት የምታህል ቁራጭ ጨርቅ አፉ ላይ ይደረጋል፤ በላዩ ክቧ እርሳስ ትቀመጣለች። በዘንግ እስከ ታች ይጠቀጠቃል። ከኋላ እሳት የምትጭር ትንሽ የመዳብ ቆብ ይለብሳል፣ ቃታ ይሳባል።

"እርሳሱ ባሩዱ ላይ ቁጭ ካላለ ግን፣ መሀል መንገድ ላይ ከቀረ፣ ቢስቡት በርሜሉ ይፈነዳል። ስለዚህ ዘንጉ ላይ ምልክት ይደረጋል። አብዛኛው ሰው በቢላ ይጭራል፤ እኔ ግን ጭረቱ ይጠፋብኛል" አለችና ዘንጉን አሳየችኝ።

ከመስፊያ ሣጥኔ ቀይ ክር አውጥቼ፣ ባሳየችኝ ቦታ ላይ ሰባት ጊዜ ጠመጠምኩላት፤ በሰም አሸሁት። ክሩ የጠመንጃውን አፍ ሲነካ እርሳሱ ቤቱ ገብቷል ማለት ነው። ለኔም ገባኝ። ምነው ባልገባኝ ያልኩበት ቀን መጣ እንጂ።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ጨርቁ እንዲንሸራተት ስብ ይቀባል። ጨርቁን ቆርጦ፣ ቀብቶ ለስድስቱም የሚያድለው ሚስተር ሃንክ ነው። አንድ ቅዳሜ ሳን ሆዜ ልምምዳቸውን ላይ ሄድኩና ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛ፣ እነዚህ ሰዎች እጃቸው ስለሚያዝባቸው ጨርቋን በከንፈራቸው ይዘው ነው ባሩድ የሚሰፍሩት። ልጄም እንደነሱ፣ በከንፈሯ። ሁለተኛ፣ ሚስተር ሃንክ ስቡን የሚያወጣበትን ቆርቆሮ አየሁ። ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ አልችልም፤ ሥዕሉን ግን አየሁት። ጅራቱ የተጠቀለለ፣ ሮዝ፣ የሚስቅ አሳማ።

ልጄ በየሳምንቱ የአሳማ ስብ አፏ ውስጥ እያደረገች እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከጎኔ ትቆማለች! ብነግራት "እማ፣ ሲሪየስሊ?" ብላ ትስቅብኛለች። ሽማግሌውን ብናገረው ይቀየመኛል፣ እሷንም ከቡድኑ ያስወጣብኛል፤ ደግሞስ በምን ቋንቋ? ስለዚህ ዝም ብዬ የራሴን መላ መታሁ። ወደ ኔቫዳ ከመሄዳችን በፊት በነበረው ቀን፣ እሷ ትምህርት ቤት ሳለች፣ ከቦርሳዋ ውስጥ የሱን ጨርቆች አውጥቼ ጣልኩ። ብሮድዌይ ጥግ ሄጄ የሱን የመሰለውን ባለ ሰማያዊ መስመር ጨርቅ ጠየቅሁ። ባለቤቲቱ ሁለት ዓይነት ዘረጋችልኝ፤ የትራሱንና የፍራሹን። የፍራሹ ወፍራም ነው፣ ጠንካራ ነው። ለልጄ ጠንካራውን መረጥኩ። በሚስተር ሃንክ ጨርቆች ልክ ቆረጥኩ፤ ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን ስለነበር ቅቤ ያለ ቅመም አንጥሬ ቀባሁት፤ በረደ፣ ረጋ፣ ከሱ ጋር አንድ መሰለ። እኔን ራሴን ደስ አለኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ እኮ፤ ጨርቅ ሲወፍር ቀዳዳ እንደሚጠብ እኔ ካላወቅሁ ማን ሊያውቅ ነው? ግን አሳማውን ነበር የማየው፤ ሌላ አልታየኝም።

በማግስቱ ሳይነጋ ተፈራ በታክሲው ወሰደን። ካሴቱ በየተራራው ይታኘክበታል፤ አውጥቶ በመጻፊያ እርሳስ እያጠነጠነ፣ "እትዬ፣ መሪውን ያዙልኝ" ይለኛል። መሪ! እኔ! ተራራው ጫፍ ላይ በግንቦት በረዶ አለ። ከሪኖ ከተማ ወዲያ ስንወርድ ምድሩ ደረቅ፣ ሰማዩ ሰፊ። ሜዳው ላይ የከባድ መኪና ሾፌሩ፣ የፖስታ ቤት ሠራተኛዋ፣ ሁሉም ዘርፍ ያለው ቆዳና የቀበሮ ቆብ ለብሰዋል። ተፈራ ከጠዋቱ ሕጉን ነገረኝ። "ይቺን ገመድ ያያሉ? ተኩስ እያለ ገመዷ ብትጣስ ፊሽካ ይነፋል፣ ሁሉም ያወርዳል፣ የጣሰው ሰው ቡድን ከውድድሩ ይወጣል። ስለዚህ እትዬ አስካለ፣ እንባዎን እዚሁ ሆነው ያፍስሱ።"

እንባዬን ሲያፌዝብኝ ነው። ከመጀመሪያዋ ተኩስ ጀምሮ በእያንዳንዱ ድምፅ "ወይኔ ልጄ!" ስል ነበር። ገመዱን የምትጠብቀው ፊሽካ ያንጠለጠለች ወፍራም ሴትዮ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ኋላ ለመደችኝ። ውኃ ሰጠችኝ፣ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። የጠዋቱ ውድድር ቀስ ብሎ የሚተኮስ ነው፤ በየተኩሱ በርሜሉን በጨርቅ ይጠርጋሉ። ጽጌ ደህና ተኮሰች። አንዴ ዞር ብላ ከንፈሯን እየላሰች "እማ፣ ዛሬ ቅቤ ቅቤ ይለኛል" አለችኝ። "ረሃብ ይሆናል" አልኳት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከሰዓት በኋላ ግን ጣውላ መቁረጥ የሚሉት መጣ። ለየቡድኑ አንድ የእንጨት ምሰሶ ይተከላል፤ ስድስቱም እየተኮሱ ምሰሶውን በእርሳስ ይቆርጡታል። ቀድሞ የወደቀለት ቡድን ያሸንፋል። እዚህ መጥረግ የለም፣ ፋታ የለም፤ መጉረስና መተኮስ ነው። ተፈራ "ሃያ ደቂቃ ዓይኔን ልክደን" ብሎ ወደ ታክሲው ሄዷል። የኛ ምሰሶ በቀጭኑ ቀርቶ ያዘነብላል። ሚስተር ሃንክ "ሲጂ! ሲጂ!" እያለ ይጮኻል፤ አንድ ጥይት ነው የቀረው። ጽጌ አምስት ጊዜ ተኩሳለች፤ በርሜሉ ጥላሸት ጠጥቷል፣ ጠቧል። ስድስተኛውን ጎረሰች፣ ዘንጉን ገፋች፣ ቆመ። ደገመች፤ ቆመ። ክሩ ውጭ ነው።

ጨርቄ! ፍራሹ!

"ጽጌ! ተይ! ጽጌ!" አልኩ። ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ አለ። ቢሰማትስ? ከጠዋት ጀምሬ ስጮኽ የዋልኩት ያው ጩኸት ነው። ሴትዮዋን በእጅጌዋ ያዝኳት። "ጋን... ጋን ባድ! ማይ ዶተር! ክሩ! ክሩን እዪው!" እንግሊዝኛዬ እዚያ ላይ አለቀ። ሴትዮዋ አቀፈችኝ፣ ልጅሽ በጣም ጥሩ እየሠራች ነው ዓይነት ነገር አለችኝ፤ "ጉድ፣ ማማ፣ ጉድ" ትለኛለች። ወደ ታክሲው ዞርኩ፤ ተፈራ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ተመልሼ ሳይ ጽጌ ዘንጉን ስባ አውጥታ መሬት ጥላዋለች። የመዳቧን ቆብ እያለበሰች ነው።

ሮጥኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ "ገመዱን ጥሼ ገባሁ" ያልኩባቸው ጊዜያትም አሉ። ውሸት ነው። ልሮጥ ፈለግሁ፣ እግሬ ግን የለም። ሰደፉን ትከሻዋ ላይ ስታሳርፍ፣ ጉንጯን ብረቱ ላይ ስታስተኛ አየሁ፤ ያ ጉንጭ ስትወለድ የሳምኩት ነው። ከዚያ ወደቅሁ። ስወድቅ የያዝኩት ገመዱን ነበር። ገመዱ ከነእንጨቱ፣ አንዱ ሌላውን እየጎተተ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደቀ።

ፊሽካ ተነፋ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ተኩሱ ቆመ። ፊቴ አፈር ላይ ነው፤ ቀና ማለት ፈራሁ። የፈነዳ ነገር አልሰማሁም።

ቀና ስል ጽጌ ጠመንጃውን አውርዳ ቆማለች። ፊቷ አለ። ሁለት እጇም አለ። ፊቷ ግን በንዴት ጠቁሯል። "እማ! ምን ሆነሽ ነው? አንድ ጥይት እኮ ነው የቀረን! ዋን ሾት!" የኔቫዳዎቹ ምሰሶ ገና ቆሟል፤ የኛ ያዘነብላል። በኔ ምክንያት ወጣን።

ተፈራ በፊሽካው ባንኖ እየሮጠ ደረሰ። "ክሩን እዩት በላቸው" አልኩት። "ዘንጉን መልሰው ይክተቱትና ክሩን ይዩት።" ሚስተር ሃንክ መጀመሪያ የመዳቧን ቆብ ከጠመንጃው አነሳ። ከዚያ ዘንጉን ቀስ አድርጎ ሰደደ። ቆመ። ክሩን አየው። አራት ጣት። ልጄንም አየ። የቀበሮ ቆቡን አወለቀና ያዘው። ጽጌ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ሚስተር ሃንክ እርሳሱን በብሎን ነክሶ በሚያወጣ መሣሪያ ስቦ አወጣው። ጨርቁን በጣቶቹ መሀል አሻሸው፣ አሸተተው፣ ግራ ተጋባ። እኔ ነኝ አልኩ። አሳማውን ተናገርኩ፣ ፍራሹን ተናገርኩ፣ ቅቤውን ተናገርኩ። ተፈራ እያስተረጎመ "አሳማ" ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ፤ ሊስቅ ነው፣ ሊያለቅስም ነው። ሚስተር ሃንክ ሰምቶ ሲጨርስ ከሣጥኑ ውስጥ ያንን ቆርቆሮ አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው።

"የበግ ሞራ ነው ይላል" አለ ተፈራ። "የንብ ሰም ገብቶበታል። አሳማ በዚህ ቆርቆሮ ውስጥ የነበረው ድሮ ሚስቱ በሕይወት ሳለች ነው፤ ቆርቆሮው ጥሩ ስለሆነ መጣል አልወደደም።"

የበግ ሞራ! እኔ ራሴ በርበሬዬን በቡና ጣሳ፣ ሽሮዬን በሕፃን ወተት ቆርቆሮ የማስቀምጥ ሴት፣ ሌላ ሰው ቆርቆሮ አያጥብም ብዬ! አፈር ብሆን በወደድኩ። ሽማግሌው ግን አልተቆጣኝም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ያ ክር ተርፎሽ እንደሆነ ለቀሩት አምስት ዘንጎችም ጠምጥሚልን አለኝ። ኔቫዳዎቹ ለአምስተኛ ጊዜ አሸነፉ። ካፒቴናቸው ዋንጫውን ሲቀበል ደስ ያለው አይመስልም ነበር፤ መጥቶ የጽጌን እጅ ጨበጠ፣ የኔንም።

ስንመለስ ተፈራ ካሴት አልከፈተም። ጽጌ ከኋላ ተኝታ፣ ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ፣ ፀጉሯ ባሩድ ባሩድ ይሸታል። ተራራው ጫፍ ስንደርስ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ "አይቼው ነበር። ቃታውን ልስብ አልነበረም" አለችኝ። "እሺ" አልኳት። ትልቁን ድልድይ ተሻግረን የኦክላንድ ወደብ ክሬኖች ሲታዩኝ ነው በደንብ የተነፈስኩት።

ይህን ሁሉ ዘመን "አይቼው ነበር" ያለችውን ይዤ ነው የኖርኩት። ካየችው የኔ መውደቅ ለከንቱ ነው፤ ቡድኑን አስሸነፍኩ፣ አሳፈርኳት፣ ሽማግሌውም ኔቫዳን ሳያሸንፍ ሞተ። ካላየችው ደግሞ... ይህንን አልጨርሰውም ነበር። በቀደም ግን ርችቱ ጋብ ሲል፣ ልጆቿ ወደ ውስጥ ሲገቡ፣ እጄን ከወንበሩ እጀታ ላይ አላቀቀችና ያዘችው። ጣቶቿ አሥሩም ሙሉ ናቸው፤ ዛሬም እቆጥራቸዋለሁ።

"እማ" አለችኝ፤ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ። "ክሩን አላየሁትም ነበር።"

ሽታው ቀስ በቀስ ከግቢው ወጣ። ልጄ አጠገቤ ነች፣ ፊቷ ሙሉ ነው፣ ልጆቿ ቤት ውስጥ ይጮኻሉ። እኔም ከዚያ ሜዳ ወጥቻለሁ። ደህና ነን።